ሲዲኤል የተማርኩበት ትምህርት ቤት፦ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ለምትሉኝ

ክላስ ኤ ሲዲኤል (ትሬለር የሚጎትት ትልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) የት ተማርሽ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይ፣ ገንዘቡስ ይገባዋል ወይ እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ያልወደድኩትንም ስለምጽፍ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤልትዌይ (ዲሲን ከሚዞረው ሀይዌይ) ወጣ ብሎ ያለ፣ ብዙም ትልቅ ያልሆነ የግል ትምህርት ቤት ነው። ባጭሩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አራቱ ለያርዱ፣ ማለትም ለመለማመጃው ግቢ፣ እና ለአስተማሪው ነው፣ የቀነስኩት አንዱ ደግሞ በቢሮው ምክንያት ነው።

ከዛ በፊት ኡበር ነበር የምሰራው። ትራክ ቀርቶ ፒክአፕ እንኳን ነድቼ አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነው። የከፈልኩት 5 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ እሱም ቲዎሪውን፣ ያርዱን፣ መንገዱንና ለመጀመሪያው ፈተና የሚሰጡትን ትራክ ይጨምራል። ዲኦቲ ሜዲካሉ (የሾፌር የጤና ምርመራው) እና የዲኤምቪው (የመንጃ ፈቃድ መስሪያ ቤቱ) የፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃዱ፣ ክፍያ ግን ከኪሳችሁ ነው። ፐርሚቱን ብዙም አላወራም፣ የቨርጂኒያን የሲዲኤል ማኑዋል ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ያልፈዋል። ጀነራል ኖውሌጅ፣ ኤር ብሬክ እና ኮምቢኔሽን (ጎታቹ ትራክተርና ተጎታቹ ትሬለር አንድ ላይ) የሚባሉትን ሶስት የእውቀት ፈተናዎች ታልፋላችሁ፣ ከዛ ፐርሚቱ ከወጣ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላው የመንዳት ፈተና መውሰድ አይቻልም። ያን ጊዜ ቤት ቁጭ ብላችሁ አታሳልፉት፣ ያርድ የምትጀምሩበት ጊዜ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ከፌብሩዋሪ 7, 2022 ጀምሮ አዲስ ክላስ ኤ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የፌዴራሉ ትሬኒንግ ፕሮቫይደር ሬጂስትሪ (የትምህርት ቤቶች መዝገብ) ላይ ከተመዘገበ ትምህርት ቤት መማር አለበት፣ ጓደኛዬ ያሳየኛል የሚባለው ነገር በዛ አበቃ። ግን የፌዴራሉ ህግ ይሄን ያህል ሰዓት መንዳት አለባችሁ አይልም! ቲዎሪው ላይ 80 ፐርሰንት ማምጣት ግዴታ ነው፣ መንዳቱ ላይ ግን አስተማሪው ችላለች ብሎ ካመነ ይፈርምላችኋል፣ በቃ። ስለዚህ አንዱ ትምህርት ቤት ጥቂት ቀን አሽከርክሯችሁ ሊፈርም ይችላል፣ ሌላው በደንብ እስክትችሉ አይለቃችሁም፣ ሁለቱም ግን ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ለዛ ነው እኔ ዋጋና የሳምንት ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት መሪው እናንተ እጅ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ የምለው። ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

አስተማሪያችን ብዙ አመት ሎንግ ሆል (ረጅም መንገድ) የነዳ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ፕሪ ትሪፕ (ከመንዳት በፊት ትራኩን መፈተሽ) ላይ ያለውን ጥንካሬ ሌላ ቦታ ከተማሩ ጓደኞቼ ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ወረቀት ተሰጥቷቸው ሸምድዱ ነው የተባሉት። እሱ ጋ ግን ጣታችሁ ያላረፈበት ነገር እንደታየ አይቆጠርም። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከመሪው ዘንግ ጀምራችሁ ባሌስትራውን፣ ሾክ አብዞርበሩን፣ ስላክ አጀስተሩን (የፍሬኑን ማስተካከያ) እየነካችሁ ፕሮፐርሊ ማውንትድ ኤንድ ሴኪዩርድ፣ ኖት ክራክድ፣ ቤንት ኦር ብሮክን (በደንብ የታሰረ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልታጠፈ፣ ያልተሰበረ) እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ከዛ ያስቆማችሁና ይሄ ቢሰበር ትራኩ ምን ይሆናል ይላችኋል። የፊት ጎማ ጥርስ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 እንዳያንስ ብላችሁ ቁጥሩን ብትነግሩት አይበቃውም፣ መለኪያውን አውጥቶ ይሰጣችሁና ለኩ ይላችኋል።

አንድ ጠዋት እኛ ሳንመጣ ቀድሞ ገብቶ ከአንዱ ግላድ ሃንድ ላይ ጎሚኒውን አውጥቶታል። ግላድ ሃንድ ማለት ከትራክተሩ ወደ ትሬለሩ አየር የሚሄድባቸው የሁለቱ ቱቦዎች መጋጠሚያ ነው፣ ቀዩ የኢመርጀንሲ፣ ሰማያዊው የሰርቪስ። ከውጪ ሲታይ ጥብቅ ብሎ ተያይዟል፣ ምንም አይታይም። ካቢናው ውስጥ ያለውን፣ አየር ወደ ትሬለሩ የሚለቀውን ቀዩን ቫልቭ ስንገፋው ከኋላችን ሽሽሽ የሚል ድምጽ መጣ፣ የአየር ጌጁም መውረድ ጀመረ። ምንም ሳይናገር እጁን አጣጥፎ ቆመ። ፈልጋችሁ አግኙት ማለቱ ነው። እያንዳንዳችን ጆሯችንን እያስጠጋን፣ እጃችንን እያስቀደምን አገኘነው። አሁን ስራ ላይ ሆኜ ትሬለር ሳገናኝ መጀመሪያ የማየው ያንን ጎሚኒ ነው፣ ሁሌም።

የኤር ብሬክ ቴስቱም እንዲሁ ነው። ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፉ ኦን ይሆናል፣ ሁለቱንም ቫልቭ (የትራክተሩንና የትሬለሩን) ትገፋላችሁ፣ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ትቆያላችሁ፣ ለኮምቢኔሽን የአየሩ ግፊት ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም። ከዛ ፍሬኑን እየረገጣችሁ አየሩን ታስጨርሳላችሁ፣ ወደ 60 ገደማ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ቫልቮቹ ራሳቸው ዱብ ብለው ይወጣሉ። ፈተና ላይ ይሄን ቅደም ተከተል ያሳሳተ ሰው ባብዛኛው መንገድ ሳይወጣ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። እሱ ይሄን በቃላችን ብቻ አላስያዘንም፣ አየር ሲያልቅ ስፕሪንጉ ፍሬኑን እንደሚይዘው አስረድቶን ነው፣ ምክንያቱ የገባው ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ አይጠፋውም።

ያርዱ ሰፊ ነው፣ ትሬለሩም እውነተኛው 53 ጫማ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በአጭር ትሬለር የሚያስተምሩ አሉና። አጭሩ ቶሎ ይታጠፋል፣ ረጅሙ ዘግይቶ ነው የሚሰማችሁ፣ ስራ ስትገቡ የሚሰጧችሁ ደግሞ በአብዛኛው ረጅሙን ነው። ወደኋላ መሄድ ለሁሉም ሰው ከባድ ነው፣ ጀርባው ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪውን ወደ ግራ ነው የምታዞሩት። አስተማሪው እጃችሁን ከመሪው ታች በኩል ያዙ፣ ትሬለሩ እንዲሄድ በምትፈልጉበት በኩል እጃችሁን ውሰዱ ይላል፣ እንደዛ ሲደረግ ያ ሁሉ ግራ መጋባት ይቀላል። ሁለተኛው ነገር ስፖኪዮው ላይ የማይታያችሁ ነገር ካለ አቁማችሁ ውረዱና እዩ የሚለው ነው። ፈተና ላይም ወርዶ ማየት ይፈቀዳል፣ የተወሰነ ጊዜ። እሱ ግን ያርዱ ላይ አስር ጊዜ ብትወርዱም ማንንም አያሳቅቅም።

አብሮን የሚማር አንድ ያገራችን ሰው ነበር፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ ከሚሌ ሰመራ ጋላፊ በሙቀትም በሌሊትም የተመላለሰ ሰው ነው። ያርዱን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል ብለን ስንጠብቅ እሱም እንደኛው ተቸገረ። ነገሩ ወዲህ ነው፣ አገር ቤት የነዳው ተሳቢ የራሱ የፊት አክስል ስላለው ሁለት ቦታ ይታጠፋል፣ አንድ መንጠቆው ጋ፣ አንድ ደግሞ የተሳቢው የፊት ጎማ ጋ። እዚህ ያለው ሴሚ ትሬለር ግን የሚታጠፈው ፊፍዝ ዊሉ (ትሬለሩ ትራክተሩ ላይ የሚቀመጥበት መጋጠሚያ) ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እጁ የለመደው አቅጣጫ ሁሉ ተገለበጠበት። «ጋሼ እንዴት ነው?» ስለው «አይ ልጄ፣ እጄን አዲስ ነገር እያስተማርኩት ነው» አለኝ። አስተማሪው ይሄን ሲሰማ ጋሼን መሬት ላይ በእንጨት ስሎ የሁለቱን ልዩነት እንዲያሳየው ጠየቀው፣ ሁላችንም ከበን አየን፣ ለኔም የገባኝ የዛን ቀን ነው። አንድ አስተማሪ ተማሪውን እንዲህ ሲያከብር ማየት ደስ ይላል።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጋሼ ነበር የሚያስተምረን ማለት ይቻላል። አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ማንም አይነግረውም። ማኑዋሉ የሚለው ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ማርሹን ቀንሱ ነው፣ ከዛ ለቁልቁለቱ የሚሆነው ፍጥነት ላይ ስትደርሱ ፍሬኑን ጠበቅ አርጋችሁ ይዛችሁ 5 ማይል ቀንሳችሁ ልቀቁ፣ ሲመለስ ድገሙት ነው፣ እንጂ እግር ጭኖ መውረድ የለም። መንገድ የወጣነው በሀይዌይ 66 ወደ ምዕራብ ነው፣ እስከ ሀይዌይ 81 ድረስ። 81 የትራክ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኝ ትራክ እያለፋችሁ ተራራውን መውጣትና መውረድ ትለምዳላችሁ። ኡበር ስሰራ 66ን ቀን ከሌሊት የማውቀው መንገድ ነበር፣ ከቤልትዌይ ወደ ዲሲ ያለው ክፍል ለትራክ ክልክል መሆኑን ግን የሰማሁት እዛ ትራክ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጂፒኤስ እንደ ትንሽ መኪና ስለሚመራችሁ የትራክ ጂፒኤስ ግዙ፣ የድልድይ ከፍታና የተከለከለ መንገድ የሚያውቅ።

ሴት እህቶች ስለጉልበቱ ትጠይቁኛላችሁ። ላንዲንግ ጊሩን (የትሬለሩን መቆሚያ እግር) ማዞርና የፊፍዝ ዊሉን እጀታ መሳብ ነው የሚከብደው፣ ሌላው ጉልበት አይፈልግም። እጀታው አልሳብም ሲል ብዙ ጊዜ ትራክተሩ ኪንግ ፒኑን (ፊፍዝ ዊሉ የሚይዘውን የትሬለሩን ብረት) ወጥሮት ስለሆነ ትንሽ ወደኋላ ጠጋ ማለት ነው እንጂ መታገል አያስፈልግም። ያርዱ ውስጥ ሴት ነሽ ብሎ ወደ ጎን ያደረገኝ ሰው የለም፣ ይሄን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቅዳሜና እሁድ አንድ ትራክ ላይ የሚመድቡት ሰው ከመጠን በላይ ነው። ስራ እየሰራ የሚማር ሰው ሁሉ ዊክኤንድ ስለሚመርጥ ጠዋት መጥታችሁ ከሰዓት ድረስ ኮን አጠገብ ቆማችሁ የሌላውን ታያላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቢሮው ይሄን ሲያስመዘግብ አይናገርም። እኔ ወደ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ስቀይር ግን ሁለትና ሶስት ሰው ነበርን፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ክፍያው ግን ያው። ሌላው፣ ፈተና የወደቀ ሰው ትራኩን ድጋሚ ለመከራየት የሚከፍለው ገንዘብ ውሉ ውስጥ በጥቃቅን ፊደል ነው ያለው፣ አፍ አውጥተው አይነግሯችሁም። አንድ የክፍላችን ልጅ በወደቀበት ቀን ነው የሰማው፣ አዝኖ የቆመው ልጅ ላይ ሂሳብ መደርደር ልክ አይደለም። ስልክም አያነሱም፣ በአካል መሄድ ይሻላል።

ማርሽን በተመለከተ፣ አብዛኛው ተማሪ በአውቶማቲክ ነው የሚፈተነው፣ ቀላል ነው፣ አዳዲሶቹ ትራኮችም በብዛት አውቶማቲክ ናቸው። ግን በአውቶማቲክ ከተፈተናችሁ ላይሰንሳችሁ ላይ ኢ የሚባል ገደብ ይገባል፣ በማንዋል ትራክ መስራት አትችሉም። ትምህርት ቤቱ ማንዋል አለው፣ አስር ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ የሚቀየር፣ ካልጠየቃችሁ ግን አያወጡላችሁም። ገልባጭ ወይ ኮንስትራክሽን ለመስራት የምታስቡ ጠይቁ።

እንግሊዝኛ ለሚያስፈራችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። የመንዳት ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ህጉም ሾፌሩ የመንገድ ምልክት ማንበብ፣ ፖሊስ ሲጠይቀው መመለስ፣ ሪፖርት መጻፍ አለበት ይላል። ህጉ ድሮም ነበር፣ ከጁን 25, 2025 ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ያልቻለውን ሾፌር እዛው ማቆም ተጀምሯል። ስለዚህ ፕሪ ትሪፑን እንደ መዝሙር ሸምድዶ ማለፍ አይበቃም። ጋሼ ማታ ማታ ከልጁ ጋር ኢንስፔክተርና ሾፌር እየሆኑ ይለማመዱ ነበር፣ ከየት መጣህ፣ ምን ጭነሃል፣ ሎግህን (የስራ ሰዓት መዝገብህን) አሳየኝ እየተባባሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ውሰዱት።

5 ሺህ ለሌለው ሰው መንገድ አለ። የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆናችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ፋስትፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አላቸው፣ ለሚያሟላ ሰው የትምህርቱን አንድ ሶስተኛ ብቻ ነው የሚያስከፍለው፣ ሲዲኤልም ውስጡ አለ። አሜሪካን ጆብ ሴንተር ሄዳችሁም የስልጠና እርዳታ መጠየቅ ይቻላል። ትልልቅ ካምፓኒዎች በነጻ እናስተምራለን የሚሉት ላይ ግን ውሉን አንብቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አመት ገደማ እነሱ ጋ ለመስራት ትፈርማላችሁ፣ ቀድማችሁ ከወጣችሁ የትምህርቱን ገንዘብ ይጠይቋችኋል። ልጆች ላላት እናት ለሳምንታት ከቤት ርቆ መጀመር ቀላል አይደለም፣ እኔ ከኪሴ የከፈልኩት ለዛ ነው፣ አሁን ማታ ቤቴ የምገባበት ስራ ነው ያለኝ።

እዚሁ ትምህርት ቤት የምትመዘገቡ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያርዱን ገብታችሁ እዩ፣ አይከለክሉም። አንድ ትራክ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ ቁጠሩ። ሬጂስትሪው ላይ ስማቸው መኖሩን ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ አረጋግጡ፣ ለድጋሚ ፈተና የሚከፈለውን በጽሁፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ፣ ከቻላችሁ የሰኞና ማክሰኞ ጠዋቱን ያዙ። ስትጨርሱ ደግሞ ትምህርቱን መጨረሳችሁን እስከ ሁለተኛው የስራ ቀን ሬጂስትሪው ላይ ማስገባት ግዴታቸው ነው፣ እሱ ካልገባ ፈተና አትወስዱም፣ ስለዚህ ከቀጠሯችሁ ቀደም ብላችሁ ገብቷል ወይ ብላችሁ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።