እድፉ የት ይገባል? የአንድ ላቫጆ ግምገማ

ላቫጆ ሲገባ ሰው የሚያየው ከእጥበት የወጣው መኪና ማብረቅረቁን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። እጣቢው ወደ መንገዱ ቦይ የሚፈስ ከሆነ ፒክአፔን አዙሬ እወጣለሁ። በብዙ ከተሞች የዝናብ ውሃ ቦይ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። እዚያ ዘይት መድፋት ወንዝ ዳር ሄዶ ከመድፋት በምን ይለያል?

አሁን የማዘወትረው ላቫጆ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ወደ መሃል ዘቅዘቅ ብሏል። መሃሉ ላይ የብረት ፍርግርግ፣ ከሥሩ ደግሞ ተከታታይ ጉድጓዶች አሉ። ባለቤቱን "እስቲ ክፈትልኝ" ብለው ሳያቅማማ ከፈተልኝ። አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ጭቃና አሸዋው ይዘቅጣል። ሁለተኛው ላይ ጥቁር ዘይት ተንሳፏል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ወደ ታች ታጥፎ ከዘይቱ ሥር ጠልቆ ገብቷል። ዘይቱ ላይ ስለሚቀር የሚያልፈው የሥሩ ውሃ ብቻ ነው። ማሽን የለው፣ መብራት አይፈልግ፤ በጣም ነው የወደድኩት! ሦስተኛው ጋ የተጠራቀመው ውሃ በፓምፕ ተስቦ የመኪና ሆድና ጎማ ይታጠብበታል። ንጹህ ውሃ የሚከፈተው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ትርፉ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በሚሄደው መስመር ይወጣል።

ለመኪና እጣቢ ይሄ ሁሉ ለምን? አቧራ ብቻ ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር። ከፍሬን ሸራ መዳብ ይረግፋል። መዳብ በጥቂቱም ቢሆን የሳልሞን ዓሣን የማሽተት ችሎታ ይጎዳል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሕግ፣ ከ2025 ጀምሮ በሚሸጥ የፍሬን ሸራ ውስጥ መዳብ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ያደረገው ወደ ውሃ የሚገባውን ለመቀነስ ነው። ጎማም አለ። ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ለምን እንደሚያልቅ ለዓመታት ግራ ሲያጋባ ቆይቶ፣ ገዳዩ ይኸው መሆኑን ተመራማሪዎች በ2020 ይፋ አደረጉ።

ሳሙናቸው ግን አልተመቸኝም። ጀሪካኑ ላይ "ፎስፌት የለውም" ይላል። ጥሩ ነው፤ ፎስፌት አልጌ ያፋፋል፣ አልጌው ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ነገር ግን ፎስፌት የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። አረፋ የሚያወጣው ነገር ራሱ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ከዚያ ሌላ፣ ጠንካራ ሳሙና ዘይቱን በትኖ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል። ያልተንሳፈፈ ዘይት በታጠፈው ቱቦ ተያይዞ ያልፋል፤ እንግዲህ ጉድጓዱ ምን ሊያደርግ ነው? ሞተር ላይ የሚረጩት ቅባት አሟሚማ ይብሳል። ይህን ስነግረው ባለቤቱ ሳቀ። "ደንበኛ አረፋ ካላየ የታጠበለት አይመስለውም" አለኝ። አልተሳሳተም፤ ግን ሳሙናውን ቢያቀጥነው ማን ያውቅበታል?

ጉድጓዶቹ የእሱ ሐሳብ አልነበሩም። ከላቫጆው በታች የሚኖሩ ሰዎች ተሰባስበው መጥተው ነው። "ይዘጋ" ሊሉ ነው ብሎ ሲፈራ "ቆፍር፣ በጉልበት እናግዝሃለን" አሉት። ቆፈሩ። ነገሩ ግን በቁፋሮ አላበቃም። ያልተጠረገ ጉድጓድ ሞልቶ ዘይቱን መልሶ ይለቃል፤ ዝቃጩም ሜዳ ላይ ከተደፋ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል። መቼ እንደተጠረገ፣ ዝቃጩን ማን እንደወሰደው፣ የት እንዳራገፈው ይጻፍበታል። ከሰፈሩ ሰዎችም አንዱ መጥቶ አይቶ ይፈርማል። እኔን ያሳመነኝ ከፓምፑ ይልቅ ይሄ ደብተር ነው። ገጾቹ በዘይት ጣት ወዝተዋል፣ የእጅ ጽሑፉም የተለያየ ነው፤ ለታይታ በአንድ ቀን የተሞላ አይደለም።

የውስጥ ጽዳታቸው ደካማ ነው። ቫኪዩሙ ጉልበት የለውም፣ ምንጣፉንም እንደረጠበ ነው የሚመልሱት። ወረፋውም ያሰለቻል። ሞተር የምታስጠርጉ ከሆነ አሟሚ ሳይረጩ በጨርቅ እንዲወለውሉት ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፊታቸውን ቢያጨማድዱም ያደርጉታል።