ሴኮንድ ላይፍ ለጀማሪ የልብስ ዲዛይነር፦ ከሥዕል እስከ ሱቅ

በምናባዊ ዓለም ተጠቃሚውን ወክለው ለሚንቀሳቀሱ ምስሎች፣ ማለትም ለአቫታሮች፣ ልብስ መንደፍ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሮብሎክስ አለ፣ አይኤምቪዩ አለ፣ ቪአርቻትም አለ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ግን ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ አንጋፋ የሆነውን ሴኮንድ ላይፍን ነው። የምመዝነውም እንደ መዝናኛ ወይም እንደ መገናኛ ሳይሆን፣ አንድ ጀማሪ የልብስ ንድፍን ለመማርና የመጀመሪያ ሥራውን ለገዢ ለማቅረብ ምን ያህል እንደሚመቸው በማየት ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለመማሪያነት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ መተዳደሪያ የሚሆን ገቢ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ግን ቶሎ ተስፋ የሚያስቆርጥ ገበያ ነው።

ሴኮንድ ላይፍን የሠራው ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኩባንያው ነዋሪዎች የሚባሉት ተጠቃሚዎቹ በዓለሙ ውስጥ ለሚፈጥሯቸው ነገሮች የአእምሯዊ ንብረት መብቱ የራሳቸው እንዲሆን ወሰነ። ለልብስ ዲዛይነር ይህ ውሳኔ ከማንኛውም የቴክኒክ መሻሻል ይበልጣል፤ ምክንያቱም አቫታሮች የሚለብሱት ከካልሲ እስከ ሠርግ ቀሚስ ያለው ልብስ በአብዛኛው ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሠሩትና እርስ በርስ የሚሸጡት ሆኗል። መገበያያውም ሊንደን ዶላር ይባላል፤ በግምት 250 የሚሆነው አንድ የአሜሪካ ዶላር ያወጣል።

ቦታውን ለተማሪ ምቹ የሚያደርገው ዋናው ነገር አሮጌውን ቴክኖሎጂ ሳይጥል አዲሱን በላዩ ላይ እየደረበ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልብስ ማለት በአቫታሩ ገላ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ነበር፤ በ2011 በሌላ ሶፍትዌር የተቀረጸ ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ፣ ማለትም ሜሽ፣ ማስገባት ተፈቀደ፤ በ2014 ከገላው ውፍረትና ቅጥነት ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ሜሽ መጣ፤ በ2019 ደግሞ የጥንቱ የሥዕል ልብስ በአዲሶቹ የሜሽ ገላዎች ላይ ተመልሶ እንዲለበስ ተደረገ። ጀማሪው ሙያው ራሱ ያደገበትን ቅደም ተከተል ይዞ መማር ስለሚችል ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለመጨበጥ አይገደድም።

መጀመር ያለበትም ከሥዕሉ ነው። የላይኛው ገላ፣ የታችኛው ገላና የራስ ቅል ተዘርግተው የሚታዩባቸው ካርታዎች በነፃ ይገኛሉ፤ እነርሱን እንደ ጊምፕ ወይም ክሪታ ባለ ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር ከፍቶ ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ ቁልፉንና ጥላውን መሳል፣ ከዚያም ልብስ የማይሸፍነውን ቦታ ብርሃን አሳላፊ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንድን መደበኛ ሥዕል ወደ ዓለሙ ማስገባት 10 ሊንደን ዶላር፣ ማለትም ወደ አራት የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ መጠኑ በእያንዳንዱ ጎን ከ1024 ፒክስል ካለፈ ዋጋው ይጨምራል። ሆኖም ሴኮንድ ላይፍ በሚከፈትበት ፕሮግራም ውስጥ በኮምፒውተር ላይ ያለን ሥዕል ሳይከፍሉበት በአቫታሩ ላይ ለብሶ የማየት ዘዴ ስላለ፣ ሥራው ሳያልቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ይህን ዘዴ የማያውቁ ጀማሪዎች ለእያንዳንዱ እርማት 10 ሊንደን ዶላር ሲከፍሉ ይታያል።

ይህ ደረጃ ቀላል ቢመስልም የሚያስተምረው ብዙ ነው። የላይኛውና የታችኛው ካርታ ወገብ ላይ ስለሚገናኙ፣ ከደረት እስከ ጉልበት የሚወርድ መስመር የሳለ ሰው ሁለቱ ጫፎች ካልገጠሙለት ወዲያውኑ ያየዋል። ክንዶቹ ደግሞ በአንድ ካርታ ላይ የሚጋሩት ቦታ ስላለ በአንደኛው እጅጌ ላይ የተሳለ ጌጥ በሌላኛውም ላይ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ይወጣል፤ ጽሑፍ ከሆነማ የአንዱ እጅ ፊደል ወደ ኋላ ይነበባል። በ2019 የመጣው ለውጥ ለግራ ክንድና ለግራ እግር የተለየ ቦታ ስለጨመረ ይህን የሚቀበሉ ገላዎች ላይ ችግሩ ተቃሏል። የዚህ ደረጃ ጉድለት ግልጽ ነው፦ ሥዕል ገላ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር ካልሲ፣ ጠባብ ሹራብ፣ የዋና ልብስና ንቅሳት ያምሩበታል እንጂ የሚውለበለብ ቀሚስ ወይም ከትከሻ የሚንጠለጠል ጋቢ አይወጣበትም።

ከሥዕል በኋላ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ዝግጁ ቅርጾች ነው። ሌላ ሰው የሠራውን የሜሽ ቀሚስ ሙሉ ፈቃድ ተብሎ በሚጠራው ውል ገዝተው የራሳቸውን ጨርቅ ብቻ ያለብሱታል። የጥላና የጨርቅ አሣሣልን ለመለማመድ አይከፋም፤ እንደ ሥራ ግን አልመክረውም። ያው ቅርጽ በብዙ ሱቅ ውስጥ ቀለሙን እየለወጠ ስለሚቀመጥ ገዢ በዓይኑ ይለየዋል።

እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከሜሽ ነው፤ መሣሪያውም ብሌንደር የተባለው፣ በነፃ የሚገኝ የባለ ሦስት አውታር ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ቅርጹን መሥራት ግማሹ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ልብሱን ከአቫታሩ አጽም ጋር ማያያዝ ነው። የልብሱ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛውን አጥንት ምን ያህል እንደሚከተል መወሰን አለበት፤ ብብት፣ ዳሌና ጉልበት ላይ ይህ ክፍፍል ከተዛባ አቫታሩ በተቀመጠ ቁጥር ሥጋው ጨርቁን በስቶ ይወጣል። አቫስታር የተባለው የብሌንደር ተጨማሪ ይህን ያቀልላል፤ ነገር ግን የሚገዛ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ ልብስ ወደ ሴኮንድ ላይፍ ሲገባ የኖረበትን ኮላዳ የተባለውን የፋይል ዓይነት ብሌንደር ከ5.0 ጀምሮ ስላስወጣው፣ የቆዩ ትምህርቶችን የሚከተል ሰው ከዚያ በፊት ያለውን የብሌንደር እትም ቢጭን ይሻለዋል።

እዚህ ላይ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ይገለጣል። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ኩባንያው የሰጠውን ገላ ትተው እንደ ማይትሬያ ላራ፣ ሌጋሲና ሪቦርን ያሉ፣ ሌሎች ነዋሪዎች ሠርተው የሚሸጧቸውን ገላዎች ይጠቀማሉ። የእያንዳንዱ ትከሻ፣ ጡትና ዳሌ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ላይ የተለካ ቀሚስ በሌላው ላይ አይሆንም፤ ዲዛይነሩ ያንኑ ልብስ ደጋግሞ መለካት አለበት። ለመለካት የሚያስፈልገውን የገላ ፋይል የሚሰጠው የገላው ሰሪ ነው፤ ከሰሪዎቹ አንዳንዶቹ ማመልከቻ ስለሚጠይቁ፣ የሚያሳየው ሥራ የሌለው ጀማሪ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ልምድ ያለው» የሚለውን እንዳነበበ አዲስ ምሩቅ ይሆናል። መውጫው ሩት2 እና ሮት2 የተባሉት ክፍት ምንጭ ገላዎች ናቸው። ፋይላቸው ያለማመልከቻ ስለሚገኝ የአጽም አያያዝን ለመማር ተስማሚ ናቸው፤ የሚለብሷቸው ገዢዎች ግን ጥቂት ናቸው። ሊንደን ላብም በ2023 ሴንራ የተባሉ የራሱን አዳዲስ ገላዎች ለጀማሪ ነዋሪዎች አቅርቧል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን የሐበሻ ቀሚስን በምሳሌነት ልውሰድ፤ ከምዕራባውያን ጂንስና ኮት ይልቅ የአገልግሎቱን ብርታትና ድካም አጥርቶ ያሳያልና። የቀሚሱን ቅርጽ ማውጣት ከባድ አይደለም። ፈተናው ጥለቱ ነው። ሙሉ ቀሚሱ በአንድ የ1024 ፒክስል ሥዕል ከተሸፈነ፣ ለታችኛው ጠርዝ የሚደርሰው ፒክስል በጣም ትንሽ ስለሚሆን የጥለቱ ክር ተድበስብሶ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። መፍትሔው አንድ የሜሽ ዕቃ የየራሳቸው ሥዕል የሚለጠፍባቸው እስከ ስምንት የሚደርሱ የተለያዩ ገጾች ሊኖሩት መቻሉ ነው፤ ለጥለቱ የራሱን ገጽ ሰጥቶ፣ የሚደጋገመውን አንዱን የጥለት ክፍል ብቻ በትንሽ ሥዕል ስሎ፣ በጠርዙ ዙሪያ እንዲደጋገም ማድረግ ይቻላል። በዚህ መንገድ ጥለቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የሚወርደው ዳታም ያንሳል፣ ገዢዋም ቀሚሱን ሳትነካ ጥለቱን ብቻ እንድትቀይር አማራጭ ማቅረብ ይቻላል። አንገትና ደረት ላይ ያለው ጥልፍ ግን የማይደጋገም ስለሆነ ለብቻው ትልቅ ሥዕል ይገባዋል።

ነጠላው ይበልጥ ያስቸግራል። የሳሳ የሸማ ጨርቅ ብርሃን ማሳለፍ አለበት፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሁለት ብርሃን አሳላፊ ነገሮች ሲደራረቡ የትኛው ከፊት እንዳለ ይሳሳታል። የአቫታሮች ፀጉርም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ በብርሃን አሳላፊ ሥዕል ስለሚሠራ፣ ነጠላ የተከናነበች አቫታር ካሜራው በዞረ ቁጥር ፀጉሯ በነጠላው ላይ ሊታይ፣ ተመልሶም ሊጠፋ ይችላል። ጨርቁን ጨርሶ የማያሳልፍ አድርጎ ጫፉ ላይ ያለውን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ማሳየት ችግሩን ያስቀራል፤ ነገር ግን የሸማው ስስነት አብሮ ይቀራል። እኔ የምመርጠው በትከሻ ላይ የሚጣለውን ክፍል ድፍን፣ ወደ ታች የሚንጠለጠለውን ጫፍ ብቻ ስስ ማድረግን ነው።

በእጁ ልብስ መስፋት የሚያውቅ ሰው ማርቬለስ ዲዛይነር የተባለውን የኮሪያ ሶፍትዌር ይወደዋል። እንደ እውነተኛው ልብስ ቅዱን በጠፍጣፋው አውጥቶ፣ የትኛው ጠርዝ ከየትኛው እንደሚሰፋ አመልክቶ ሲለቀው ጨርቁ በራሱ ክብደት ገላው ላይ ይወርዳል፤ እጥፋቱም በእጅ ከሚቀረጸው እጅግ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የሚከፈልበት ነው፤ የሚያወጣው ሜሽም በጣም የተጨናነቀ ስለሆነ ወደ ብሌንደር ወስዶ ማሳሳት የግድ ነው። ይህን ሳያደርጉ እንዳለ የሚጭኑ ሰዎች ልብስ የለበሰው ሁሉ የሌላውን ኮምፒውተር ያንቀረፍፋል፤ የማስገቢያው ዋጋም ከቅርጹ ውስብስብነት ጋር አብሮ ይጨምራል። ብሌንደርን በቅጡ ከመልመድ በፊት ለዚህ ሶፍትዌር መክፈልን አልደግፍም።

ሜሽ ለማስገባት ስለ አእምሯዊ ንብረት የተዘጋጀ አጭር ፈተና ማለፍና የክፍያ መረጃ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ፈተናው ቀላል ቢሆንም የታወቁ ኩባንያዎችን አርማ በሸሚዝ ላይ ማተም ክልክል መሆኑን ጀማሪውን ከወዲሁ ያሳውቀዋል። ከዋናው ዓለም የተለየ አዲቲ የተባለ የመሞከሪያ ዓለምም አለ፤ እዚያ ማስገባት እውነተኛ ገንዘብ ስለማያስወጣ ልብሱን አስቀምጦ፣ አስሮጦና አስጨፍሮ ማየት ይቻላል። ሮብሎክስ ለዚህ የሚመጥን ትዕግሥት ለሌለው ሰው ፈጣን ነው፤ የጥንቱ ሸሚዙ 585 በ559 ፒክስል በሆነ አንድ ሥዕል ይሠራል፣ ከ2022 ወዲህም ተደራቢ የሜሽ ልብስ ይቀበላል። ነገር ግን ገላዎቹ በአብዛኛው ቀላል ቅርጽ ያላቸው ስለሆኑ የጨርቅን አወራረድ ለማጥናት ከሴኮንድ ላይፍ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ሽያጩ ጥቂት ልበል። ድረ ገጹ ላይ ባለው ማርኬትፕሌስ ለመሸጥ መሬት መከራየት አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 በመቶ ይቆረጣል። አንድ ቀሚስ በ250 ሊንደን ዶላር ቢሸጥ ለሠሪው የሚቀረው 90 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሳምንት የፈጀ ሥራ ድካሙን የሚመልሰው ብዙ ሰው ከገዛው ብቻ ነው። ገዢዎች ከመግዛታቸው በፊት ናሙናውን ለብሰው ማየት ስለለመዱ ናሙና የሌለው ልብስ ይታለፋል። ፈቃዱንም አስቀድሞ መወሰን ይገባል፦ ገዢው ቅጂ እንዲያወጣ ከተፈቀደለት ለሌላ እንዳያስተላልፍ መከልከል፣ ወይም በተቃራኒው ማድረግ የተለመደ ነው። ሁለቱም ከተፈቀዱ አንድ ገዢ ልብሱን ለፈለገው ሰው ሁሉ ማደል ይችላል። ሥራን በሕገ ወጥ ሶፍትዌር ገልብጦ የሚሸጥ ሌባም አለ፤ ባለቤቱ ለኩባንያው አመልክቶ የተሰረቀውን ማስነሳት ቢችልም የተሸጠውን ገንዘብ ማስመለስ ሌላ ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ ሆኖ ለሚጀምር ሰው አንድ መልካም ነገር አለ። ሥዕሉም፣ ቅርጹም፣ የአጽም ማያያዙም ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ዓለሙ ውስጥ መግባት የሚያስፈልገው ለሙከራና ለሽያጭ ብቻ ነው። ገቢን ወደ እጅ ማስገባት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሊንደን ዶላር ወደ አሜሪካ ዶላር ተቀይሮ ከሚወጣባቸው መንገዶች ዋናው ፔይፓል ስለሆነ፣ አካውንቱ በሚኖርበት አገር ገንዘብ መላክ ብቻ ሳይሆን መቀበልም መቻሉን ሱቅ ከመክፈት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ወይም በሎንደን ያለ ዲዛይነር ይህ አያሳስበውም። ማውጣት ያልቻለ ሰው ያገኘውን ሊንደን ዶላር ለማስገቢያ ክፍያ፣ ለጨርቅ ሥዕሎችና ልብሱን ለሚለካባቸው ገላዎች መግዣ ሊያውለው ይችላል።