ኦሮቺማሩን ማን ይቅር አለው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ጎን ለጎን ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ፊልም እጭናለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሃይስኩልና የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ የሚጭኑትም በብዛት አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ነው። ሱቄ ቁጭ ብለው የሚከራከሩት ደግሞ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ማንን ያሸንፋል። ጎኩ ሉፊን፣ ሉፊ ናሩቶን፣ ናሩቶ ደግሞ እንትናን። መብራት ሲጠፋ ክርክሩ ይብስበታል። እኔም ሥራ ስለማይኖረኝ እሰማለሁ።

የኔ መመዘኛ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን አበጋሮች ያስታርቃሉ። ዱዓው ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ነገሩ ከሥሩ ይወጣል። ግን የገዳይ ወገን ጥፋቱን ሳያምንና ካሳውን ሳይከፍል እርቅ የለም። «በቃ ይቅር ተባባሉ» ብሎ ብድግ የሚል አበጋር አይቼ አላውቅም። እና አንድ አኒሜ አይቼ ስጨርስ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የገደለው ምን ከፈለ? የሞተበትስ ምን አለ? መጨረሻቸውን ሳይቀር ስለማወራ፣ ገና ያላያችሁ እዚህ ጋ አቁሙ።

ስለ ኒንጃው ልጅ በሚያወራው በናሩቶ ልጀምር፤ ሁሉም የሚጀምረው ከሱ ነው። የመጀመሪያው 220 ክፍል፣ ሺፑደን የሚባለው ደግሞ 500 ክፍል ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ፊለር ነው። ማንጋው፣ ማለት አኒሜው የተሠራበት የሥዕል መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ ጊዜ ለመግፋት የተጨመረ። ደንበኛ ሲመጣ «ፊለሩን አውጣልኝ» ይላል፤ አወጣለታለሁ፣ ፍላሹም ይተነፍሳል። ጥሩ ሲሆን ግን ጥሩ ነው። ሮክ ሊ ጋራ ከሚባለው ልጅ ጋር የተጋጠመበትን ክፍል ዛሬም ቢከፍቱልኝ ሥራ አቁሜ አያለሁ። ሮክ ሊ ኒንጁትሱ፣ የኒንጃዎቹን አስማት፣ አይችልም። ያለው ልፋት ብቻ ነው። መምህሩ ጋይ ሲፈቅድለት እግሩ ላይ ያሰረውን ክብደት ፈትቶ ይለቀዋል፤ መሬቱ ላይ ሲያርፍ የሚነሳውን አቧራ አይታችሁ እስከዛሬ ምን ተሸክሞ ሲሮጥ እንደነበር ይገባችኋል። ማንም አፍ አውጥቶ አያስረዳችሁም። ጥሩ አኒሜ እንደዚህ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ናሩቶ ጠላቱን ሁሉ በወሬ ያሸንፋል። በወሬው ራሱ ቅር አይለኝም፤ እኛም አገር ትልቁ ነገር የሚያልቀው በወሬ ነው። ናጋቶን ሲያሳምነው አምኛለሁ፤ ናጋቶ መንደሩን አውድሟል፣ በኋላ ግን የገዛ ነፍሱን ሰጥቶ የገደላቸውን አስነስቷል። ከፍሏል። ኦሮቺማሩስ? መምህሩን፣ የመንደሩን መሪ ሦስተኛውን ሆካጌ፣ ለሞት ዳርጓል። ሕፃናት ላይ ሙከራ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ግን በነፃነት ይኖራል፤ ክትትል አለበት ይባላል፣ በቃ። ከመንደሩ አንድ እናት ተነስታ «ልጄስ?» ብላ አልጠየቀችውም። ይሄ እኔን ያናድደኛል። ልጆቹ «ፋዘር፣ ካርቱን እኮ ነው» ይሉኛል። 720 ክፍል ያየሁት ካርቱን ነው እንድባል አይደለም።

ዋን ፒስን አትጠይቁኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀምሮ ይኸው ከ1100 ክፍል አልፏል። ወዳጆቹ ከአርሎንግ ታሪክ በኋላ ነው የሚጣፍጠው ይላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ በዲሽ በአረብኛ «ካፒቴን ማጂድ»ን ሳይ አንዷ ኳስ ጎል እስክትደርስ ቀናት ስትፈጅ ትዕግሥቴን ጨርሻለሁ። የቀረ የለኝም።

ዴዝ ኖት 37 ክፍል ነው፤ ላይት የሚባል ልጅ ስሙን የጻፈበት ሰው የሚሞትበት ደብተር ያገኛል። የሚያሳድደው መርማሪ ኤል የሚሞተው 25ኛው ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዕንቁ ነበር። የኤል ተተኪዎች ኒርና ሜሎ ከመጡ በኋላ ያለውን የማየው ስለጀመርኩት ብቻ ነው። ላይት መጨረሻ ላይ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲሞት ዋጋውን አገኘ የሚሉ አሉ። የሱን ሞት ማን ጠየቀ? ደብተሩ ላይ ስማቸው ከሰፈረው ሰዎች ስንቱ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ? አኒሜው አንድም ጊዜ ወደዚያ ቤት አልገባም።

ዴመን ስሌየር የዓይን ምግብ ነው። ዩፎቴብል የሚባለው ስቱዲዮ ውሃና እሳት ሲስል ሌላው ስቱዲዮ እርሳሱን ይሰቅላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የባቡሩ ፊልም ጃፓን ውስጥ በገቢ አንደኛ ሆኖ «ስፒሪትድ አዌይ»ን ቀድሟል፤ አልገረመኝም። ታሪኩ ግን ስስ ነው፤ ዜኒትሱ የሚባለው ልጅ ጩኸት ደግሞ ድምፅ ያስቀንሳል። የምወደው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ዋናው ልጅ ታንጂሮ በበረዶ ከሰል ተሸክሞ ከተማ ይወርዳል፣ ሁሉም በስሙ ይጠራዋል፣ ሁሉም ይወደዋል። እዚህ ደሴ ሸርፍ ተራ ከሰል ይዞ ቢመጣ ግን አያውቁትም፤ መጀመሪያ «እርጥብ ነው»፣ ቀጥሎ «ትንሽ ነው» ይሉታል። በማግስቱ ጠዋት ሲመለስ ከአንዲት እህቱ በቀር ቤተሰቡን አልቆ ያገኘዋል። የገደላቸውን ሙዛንን ለመፈለግ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ለሚገድላቸው ጋኔኖች ያዝንላቸዋል። ሲሞቱ እጃቸውን ይይዛል። ይሄን ልቡን አከብርለታለሁ። ነገር ግን ጋኔኑ አንገቱ ሊቆረጥ ሲል ሁልጊዜ የልጅነቱ መከራ ይመጣል፤ አንዴ ያስለቅሳል፣ ሲደጋገም ግን ገና ሲጀምር ታውቁታላችሁ።

ወደ ከባዶቹ ልግባ። ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ፣ 64 ክፍል፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 የወጣ። አንድ ሰው አንድ አኒሜ ብቻ አይቶ ይሙት ከተባለ ይሄን እጭንለታለሁ። ማንጋውን የሳለችው ሂሮሙ አራካዋ ሆካይዶ ውስጥ በወተት ላሞች እርሻ ያደገች ሴት ናት፤ ራሷን ስትስል መነጽር ያደረገች ላም አድርጋ ነው የምትስለው። ከላም ጋር ያደገ ሰው ነገር በነፃ እንደማይገኝ ያውቃል መሰለኝ፣ የታሪኩ ሕግም ይሄ ነው፦ አንድ ነገር ለማግኘት እኩያውን መስጠት። ሁለቱ ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ ሞክረው አንዱ እግሩን፣ ሌላው መላ አካሉን ያጣል። ታላቁ የታናሹን ነፍስ ለማትረፍ ክንዱን ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ኤድዋርድ ወንድሙን ለማስመለስ የሚሰጠው የገዛ አልኬሚውን፣ ነገርን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥበትን ጥበብ ነው፤ የሚታወቅበትን ነገር።

እኔን የያዘኝ ግን ኢሽቫል ነው። መንግሥት በወታደሮቹ አንድ ሕዝብ ጨፍጭፏል። ከጨፍጫፊዎቹ አንዱ ሙስታንግ ነው፣ የምንወደው ሙስታንግ። ከተጨፈጨፉት የተረፈው ስካር ደግሞ ያከሙትን ሐኪሞች፣ የወንድማማቾቹን ጓደኛ የዊንሪን እናትና አባት፣ በብስጭት ገድሏል። በኋላ ዊንሪና ስካር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የስካር ክንድ ይደማል። እሷ ጨርቅ አውጥታ ቁስሉን ታስርለታለች፤ እናትና አባቴ ቢሆኑ ይሄን ያደርጉ ነበር ትላለች። ይቅር እንዳላለችው ደግሞ እዚያው ትነግረዋለች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ስንቱ ደራሲ እዚህ ጋ አስለቅሶ ያስታርቃቸው ነበር! አራካዋ አላስታረቀቻቸውም። ዊንሪ ማሰር ያለባትን አሰረች፣ ይቅርታውን ግን ለራሷ ያዘች።

አታክ ኦን ታይታንን ደሴ ውስጥ የሚያይ ሰው ሌላ ቦታ እንደሚታየው አያየውም። ጥቅምት 2014 ላይ ልጅ አዝሎ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው፣ የከተማው ግንብ ተንዶ ሰው የሚበሉት ግዙፎች፣ ታይታኖቹ ሲገቡ፣ ሃነስ የሚባለው ወታደር ሁለቱን ልጆች አንጠልጥሎ ሲሮጥ፣ እናትየዋ ቤት ተንዶባት ከኋላ ስትቀር፣ ያንን ክፍል ቁጭ ብሎ ፋንዲሻ እየበላ አይጨርሰውም። እኔ ቶሎ አልቀጠልኩትም።

ሲቀጥል ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ያደርጋል። ካሜራውን ባህር አሻግሮ ጠላት ቤት ያስገባል። እዚያም ልጆች አሉ። ጋቢ የምትባል ልጅ ሳሻን ትገድላለች። ሳሻን ሁላችንም እንወዳታለን፤ ድንች የሰረቀችው ልጅ ናት። ሱቄ ውስጥ ጋቢን የማይረግም የለም። ከዚያ ጋቢ ሳታውቅ የሳሻ ቤተሰብ ቤት ተጠግታ እንጀራቸውን ትበላለች። ነገሩ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሲፈነዳ የሳሻ አባት እጅ ቢላ ይገባል። ሰውየው አዳኝ ነው፣ መግደል ይችላል። ቢላውን ያስቀምጠዋል። ልጄን አደን አስተምሬ ኋላ ከጫካ አውጥቻታለሁ፣ ዓለሙ ግን ያው ጫካ ነው፣ ቢያንስ ልጆቹን ከዚህ ጫካ እናውጣ የሚል ነገር ይናገራል። የኔን ጥያቄ የመለሰልኝ አባት እሱ ነው። ካሳ አልጠየቀም፤ ግን ልጁ እንደሞተችበት ማንም እንዲረሳ አላደረገም። ከዋና ዋናዎቹ ገጸ ባህርያት አንዱም እሱን አያክልም።

ለዚህ ነው መጨረሻው የከበደኝ። ዋናው ልጅ ኤረን በታይታኖቹ ከዓለም ሕዝብ ከአሥሩ ስምንቱን ይረግጣል። ጓደኞቹ አልቅሰው ይሸኙታል፣ ሚካሳ ዛፍ ሥር ትቀብረዋለች። ሙዚቃው ያምራል። ከተረገጡት ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የሳሻን አባት የጻፈ ሰው ይሄን ሲያደርግ አይገባኝም።

የፍሪረን የመጀመሪያው ሲዝን 28 ክፍል ነው። ልጆቹ «ይደብራል፣ ውጊያ የለውም» ብለው ይመልሱልኛል። 7ኛውን ክፍል ልንገራችሁና ፍረዱ። አንዲት ሕፃን ጋኔን የአንድ መንደር ልጅ ትበላለች። ጀግናው ሂመል ሊገድላት ሲል «እናቴ» ትላለች፤ እጁ ይያዛል። የመንደሩ አለቃ አሳድጋታለሁ ብሎ ይወስዳታል። ልጇ የሞተችባት እናት ግን ዓይኗን ከሷ ላይ አታነሳም። አንድ ማታ ጋኔኗ አለቃውን ትገድልና የአለቃውን ልጅ ይዛ ወደዚያች እናት ትሄዳለች። ልጅሽን አጥተሽ የለ፣ ይኸው በምትኩ ሌላ ልጅ፣ ከእንግዲህ አትጥይኝ ነው ነገሩ። ካሳ! የካሳን ሥርዓት ከላይ ከላይ ተምራዋለች፣ ልብ ግን የላትም። ይሄን ክፍል ካየሁ በኋላ አበጋር የሚያስከፍለው ከብት ወይም ብር ብቻውን ካሳ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ውጊያ የለውም ይሉኛል!

የኔ አንደኛ ቪንላንድ ሳጋ ነው። ሁለተኛው ሲዝን በተለይ።

አባቴ ከኩታበር ሲመጡ ሱቄ አረፍ ይላሉ። «አንተ፣ ጢም አብቅለህ ካርቱን?» ብለው ይገስጹኛል። ያን ቀን ግን ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ቶርፊንና አይናር የሚባሉ ባሮች ዴንማርክ ውስጥ ጫካ መንጥረው ጉቶ ይነቅላሉ። «ይሄ ጉቶ ገና ያለፋቸዋል» አሉ። አለፋቸው። «መሬቱ የማነው?» አሉኝ። የጌታው ነው፣ እነሱ የሚያለሙት ስንዴ ዋጋቸውን ሲሞላ ነፃ ይወጣሉ አልኳቸው። «ሲሶ ነው እኩል?» አሉ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት አያቴ የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላቸው ቀጠልን። ቡቃያው አምሮ ከበቀለ በኋላ ቅጥር ሠራተኞቹ በምቀኝነት ነቅለው ሲጥሉት አባቴ እንደ እውነት ረገሟቸው። ማረሻና ፈረስ ያበደራቸውን ሽማግሌ ደግሞ መረቋቸው።

ቶርፊን በመጀመሪያው ሲዝን የአባቱን ደም እመልሳለሁ ብሎ ከገዳዩ ከአስኬላድ ጋር እየዘመተ ያደገ ልጅ ነው። ስንት መንደር ሲያቃጥሉ አብሯቸው ነበር። እርሻው ላይ ተደባድቦ ራሱን ሲስት የገደላቸው ሰዎች በሕልሙ ይይዙታል፤ ከታች እየጎተቱ። ያን ዕለት ከእንግዲህ ሰው አልመታም ይላል። ከዚያ ያየሁት ነገር የትም አላየሁትም፦ አኒሜው ቃሉን ያስከብረዋል። መጨረሻ ላይ ንጉሥ ክኑትን ለማነጋገር መቶ ጡጫ ቆሞ ይቀበላል። ለምን አትመልስም ሲሉት ጠላት የለኝም ይላል። ልጆቹ እዚህ ጋ ነው «ጀግናው ፈሪ ሆነ» ብለው የሚያቆሙት። አባቴ ግን «ይሄ ልጅ ሽማግሌ ይወጣዋል» አሉ።

እንከን አያጣውም። አርንሄይድ የምትባለው ሴት የሚደርስባት ግፍ ወንዶቹ ልብ እንዲገዙ ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ቶርኬል የሚባለው ግዙፍ ተዋጊ የለንደን ድልድይ ላይ ቆሞ የሚያደርገውን ማመን ደግሞ ያስቸግራል። ቶርፊንም ቢሆን እንግሊዝ ውስጥ መንደራቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ያመጣላቸው ነገር የለም፤ ጦርነትና ባርነት የሌለበት አገር እመሠርታለሁ ማለቱ ለነሱ ምናቸው ነው? ዕዳ እንዳለበት ግን ያውቃል፣ በየቀኑ ያውቃል።

የሚጭን ካለ ሁለቱም ሲዝን 24፣ 24 ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ዘሎ ሁለተኛውን ማየት አይቻልም፤ የጉቶው ነገር ትርጉም የሚኖረው ያንን ሁሉ ደም ካያችሁ ነው። ፍላሹ ባዶ ይሁን፣ ቫይረስ ያለበትን አልቀበልም። «ውጊያው የታለ?» ብሎ ለሚመልስልኝም በነፃ አልቀይርም።