ለመረብ ኳስ ተጫዋች፦ ተቃራኒ ጡንቻዎችን ማፈራረቅ ወይስ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው?

ማፈራረቅ ማለት ደረትን በፑሽ አፕ አሠርቶ ወዲያው ጀርባን በመሳብ ማሠራት ነው። ሌላው መንገድ የአንዱን ዙሮች በሙሉ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ጊዜ፦ ማፈራረቁ ጊዜ ይቆጥባል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል።

ከባድ ክብደት፦ አንዱን መጨረሱ ይሻላል። ለዝላይ የሚሠራ ከባድ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በዙሮች መሃል ከ2 እስከ 5 ደቂቃ እውነተኛ ዕረፍት ይፈልጋል።

ጉዳት፦ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ኳስ ሲመታ ክንድን ወደፊት የሚወረውሩት ደረትና የፊት ትከሻ ናቸው፤ ከምቱ በኋላ የሚገቱት ግን ከትከሻ ጀርባ ያሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ከዝላይ ሲወረድም የኋላ ጭን ጉልበትን ይደግፋል። ማፈራረቅ እነዚህን ጡንቻዎች ሳያሠሩ ማለፍን አይፈቅድም። በሌላኛው መንገድ ግን ብዙ ተጫዋች ሲደክመው የሚተወው የጀርባውን ሥራ ነው፣ ያሳዝናል።

ቦታ፦ በተጨናነቀ ጂም ሁለት መሣሪያ መያዝ ያስቸግራል፤ ለመሳቡ ላስቲክ ይበቃል።

ውድድር በሳምንት በሳምንቱ ካለ ወይም ትከሻ የሚያስቸግር ከሆነ ማፈራረቁን ምረጡ። ከውድድር ውጪ ባሉ ወራት የዝላይ ኃይል ለሚገነባ፣ እንዲሁም አሠራሩን ገና ለሚማር ጀማሪ፣ አንዱን ጨርሶ መሄድ ይስማማል።