የአየር ፍራሽ፣ ስፖንጅ ወይስ አጎዛ? ጅማ ላይ ለአልጋ ቁራኛ ምን ይገዛ

ቤት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ሲኖር ጎረቤቱ ሁሉ "የአየር ፍራሽ ግዙላቸው" ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ፍራሹ የሚሠራው በመብራት ነው፣ የጅማን መብራት ደግሞ የጅማ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ እኔ ዕቃዎቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው መብራት የሄደ ለት ምን እንደሚሆኑ ነው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጠው ማን እንደሆነ።

እነዚህ ዕቃዎች የሚገዙት ብዙ በመተኛት የሚመጣውን የአልጋ ቁስል ለመከላከል ነው፣ ቁስሉ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ሻጭ አያታልላችሁም። አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች ሆነው መሀል ያለውን ሥጋ ሲጫኑት ደም አይደርሰውም፣ እንዲሁ ሲቆይ ይሞታል። በጀርባው ለተኛ ሰው ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ያለው አጥንትና ተረከዝ፣ በጎኑ ለተኛ ደግሞ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ቀድመው ይጎዳሉ። በዚህ ላይ ሽንትና ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይለሰልሳል፣ በሽተኛውን ብብቱን ይዞ ወደ ትራስ መጎተት ደግሞ ይልጠዋል። ጫና፣ እርጥበት፣ ፍትጊያ፤ የሚሸጠው ዕቃ ከነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ቢያስታግስ ነው። ሦስቱንም ያጠፋል ያላችሁ ሻጭ ካለ እለፉት።

አየር ወይስ ስፖንጅ

የአየር ፍራሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጭኑ፣ እንቁላል መያዣ የመሰለ ጉብ ጉብ ያለው ነው። ካላችሁ ፍራሽ ላይ ይነጠፋል፣ ፓምፑ በመንጠቆ አልጋው ግርጌ ላይ ይሰቀላል። ግማሹ ጉብታ ሲነፋ ግማሹ ይተነፍሳል፣ በየጥቂት ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ እንዲህ ሲሆን አንድ ቦታ ብቻ ሁልጊዜ አይጫንም። ሁለተኛው በአልጋው አግድም የተደረደሩ ወፋፍራም ቱቦዎች ያሉት ነው፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው አሉ። ዋጋው ዘለግ ይላል፣ ግን አንድ ቱቦ ቢቀደድ እሱን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። ጉብ ጉቡ ሲቀደድ ወይ መለጠፍ ነው ወይ ሌላ መግዛት። ሰውነታቸው ከበድ ላለ፣ ወይም ቁስሉ ቀድሞ ለወጣባቸው፣ ቱቦው ይሻላል። ቀጭኑ ከባድ ሰው ሲተኛበት ወገቡ ጋ ይረግጥና ከታች ያለው ፍራሽ ላይ ያሳርፈዋል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በሽተኛው ተኝቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ በመቀመጫው በኩል ከአየር ፍራሹ ሥር አስገቡ። በእጃችሁና በገላው መሀል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አየር መኖር አለበት። አጥንቱ እጃችሁን ከተጫነው ፍራሹ አልያዘውም፣ ፓምፑ ላይ ያለውን የክብደት መዘውር ከፍ አድርጉት፣ ካልተስተካከለ ፍራሹ ለእሳቸው አይሆንም። መዘውሩን እስከ መጨረሻ ማጦዝም ልክ አይደለም፣ ፍራሹ እንደ ጣውላ ይደርቃል።

መብራት ሲሄድስ? ከፓምፑ ወደ ፍራሹ አየር የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ንቀሉና ክዳን ካለው ክደኑት፣ ከሌለው አጥፋችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። አየሩ ለጊዜው ይቆያል፣ መቀያየሩ ግን ስለቆመ እጃችሁን መጠቀም ግድ ነው። ደግነቱ ፓምፑ የሚበላው መብራት ከአንድ ትንሽ አምፖል አይበልጥም፣ ስለዚህ ባትሪና ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ያለው ቤት ሌሊቱን ሊያሳድረው ይችላል። ኢንቨርተር ከሌላችሁ የዚህን ዋጋ ከፍራሹ ጋር ደምራችሁ አስቡት። የአየር ፍራሹን በባዶ ርብራብ ላይ ግን በጭራሽ አታንጥፉ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ይኑር፣ አየሩ ያለቀ ለት ሰውየው እንጨት ላይ ይቀራል።

አሁን ስፖንጁ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን አቅም ለሌለውም ላለውም መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። መብራት አይፈልግም፣ አይጮህም፣ አይበሳም። መርካቶ ስትገዙ በቁመናው አትሸወዱ። ለስላሳው ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ጠጣሩም ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ሻጩን ዴንሲቲውን (ስፖንጁ ምን ያህል የታመቀ እንደሆነ) ጠይቁት፣ ከዚያ በሽተኛውን የሚያክል ሰው አስተኝታችሁ ያንኑ የእጅ ሙከራ አድርጉ። ውፍረቱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። ቤት ያለው አሮጌ ፍራሽ መሀሉ ጎድጉዶ ከሆነ ላዩ ላይ ምንም ብትደርቡ ዋጋ የለውም። የጥጥ ፍራሽም ሲከርም ይጓጉላል፣ ጉብታው ራሱ ያቆስላል።

የስፖንጁ ጣጣ ሌላ ነው፦ አገላባጭ ይፈልጋል። በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም። የአየር ፍራሽም ቢሆን ከማገላበጥ አያድንም፣ ግን ትንሽ ይታገሳል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ተራ የሚገቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ ጥሩ ስፖንጅ ይበቃል። አስታማሚዋ አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች፣ እሷም ቀን ሥራ የምትውል ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ ቆዳውን አልፎ ከገባ፣ ቱቦ ያለውን የአየር ፍራሽ ግዙ፣ ካልተቻለ ተከራዩ።

ልባሱም ነገር አለው። ሽንት እንዳይገባ ብለን ወፍራም ላስቲክ እናለብሳለን፣ ገላው ከሥሩ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ቆዳው ይርሳል። የሚለጠጥ፣ ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልባስ ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ ላስቲኩን መቀመጫው አካባቢ ብቻ አድርጉና ላዩ ላይ አንድ የጥጥ አንሶላ። አንድ ብቻ! አንሶላ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ከተደራረበ የገዛችሁት ፍራሽ ሥራው ይጠፋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጅማ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ሁለት ሦስት መቀያየሪያ ይኑራችሁ።

አጎዛ፣ ቀለበትና ሌሎቹ

የበግ አጎዛ ከጨዋታ ውጪ አይደለም። በሕክምና ደረጃ የተዘጋጀ የበግ ፀጉር የአልጋ ቁስልን እንደሚቀንስ ተጠንቷል። የቤታችን አጎዛ ግን ሌላ ነው፣ ሲታጠብ ቆዳው ይደርቃል፣ ፀጉሩ ይጣበቃል፣ ሽንት ከነካው ደግሞ ሽታው አይወጣም። ለክርንና ለተረከዝ ፍትጊያ፣ ፀጉሩ ገና ያልተረገጠ ከሆነ፣ ይሁን። ሽንት ለማይቆጣጠር ሰው መቀመጫ ሥር ግን አይሆንም። ሱቅ የሚሸጠው አርቲፊሻል ፀጉር ጫና አይቀንስም።

መሀሉ ክፍት የሆነው የሚነፋ ቀለበት? አትግዙ። ቁስሉ ባዶ ቦታ ላይ ያረፈ ይመስላል፣ ዙሪያውን ግን አንቆ ደም ይከለክለዋል። ጨርቅ ጠቅልሎ ቀለበት መሥራትም ያው ነው። ጓንት ውስጥ ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግም እንዲሁ።

ለተረከዝ የሚበልጠው ዕቃ ቤታችሁ አለ። ትራስ በቁመቱ ባት ሥር፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ጉልበቱ በጥቂቱ ይታጠፍ። እጃችሁ ተረከዙ ሥር ያለችግር ካለፈ ትክክል ነው። የተረከዝ ቡት (ተረከዙን ከአልጋ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጫማ መሰል ዕቃ) የሚያስፈልገው እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ትራሱን ለሚጥሉ ሰዎች ነው። ፀጉራም ካልሲው ከመፋተግ እንጂ ከጫና አያድንም።

ቀን ቀን ለሚቀመጥ ሰው የጄል ወይም የአየር ኩሽን (የመቀመጫ ትራስ) ይገዛ። ጄሉ ይከብዳል ግን ጣጣ የለውም። አየሩ ይበልጥ ይመቻል ግን በየቀኑ ንፋሱን ማየት አለባችሁ። በጅማ በርጩማ እንኮራለን፣ መቀመጫው የቀላ ሰው ግን አይቀመጥበትም።

ፋርማሲ የሚሸጠው ሲሊኮን ያለው የፎም ፕላስተር ገና ላልቆሰለ መቀመጫና ተረከዝ ጥሩ መከላከያ ነው፣ ውድ ቢሆንም። ከሥሩ ያለውን ቆዳ ግን በየቀኑ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ሽንት ለሚያርሰው ቆዳ ዚንክ ያለበት ቅባት ይሻላል። የቁስሉ መጀመሪያ ምልክት የቆዳ መቅላት ነው፣ የእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የሚያም ቦታ ፈልጉ። እዚያ ቦታ ላይ ማሸት የለም። የቡና አገር ነንና ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ይቀናናል፣ ተዉት። አልኮልም አይፈስስበት።

ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሰውየውን ካተኮሰው የዕቃ ምርጫ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። የሞተ ሥጋ መነሳት ካለበት የሚያነሳው ሐኪም ነው። ማንኛውም ፍራሽ እንቁላል፣ ምስርና ወተት ያላገኘን ገላም አያድንም።

ያገለገለ የአየር ፍራሽ ከተገኘ ርካሽ ነው፣ ብዙ ቤት ሰው ከሞተ ወይም ከዳነ በኋላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሳትከፍሉ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጉብታዎቹ ሲቀያየሩ በዓይናችሁ እዩ፣ በየመገጣጠሚያው ጆሮ ደቅናችሁ ፍሽፍሽታ ካለ አዳምጡ፣ የፓምፑ ቱቦ የታጠፈበት ቦታ ተሰንጥቆ እንደሆነ አረጋግጡ። በሳሙና አጥባችሁ በቀጠነ በረኪና ወልውሉት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ለፓምፑ የሚቀየር ዕቃ ጅማ ውስጥ እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ፓምፑ ሲበላሽ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር የሚላክ ከሆነ እስኪመለስ በሽተኛው የሚተኛበት ስፖንጅ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።