እናት እስክታፈቅር ልጆቹ የት ይቆዩ?

ሰሞኑን የማነበው አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ብቻ ሆኗል። አርባ ዓመት የሞላት ወይም ልትሞላ የደረሰች እናት፣ ለልጆች ስትል ራሷን የረሳች፣ ከዚያ ሳታስበው ፍቅር የሚይዛት። ያስጀመረችኝ ጓደኛዬ ናት። «ላንቺ የተጻፈ ነው» ስትለኝ መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ምን ማለቷ ነው ብዬ። አሁን ሦስቱን ጨርሻለሁ፤ የምለው አለኝ። (መጨረሻቸውን ስለምናገር ልታነቡ ያሰባችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

መጀመሪያ የታዘብኩት እናትየዋ እንድታፈቅር ልጆቹ ከቤት መውጣት አለባቸው!

የሮበርት ጄምስ ዎለር «ዘ ብሪጅስ ኦቭ ማዲሰን ካውንቲ» በ1992 የወጣ ነው። ፍራንቼስካ አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። 1965 ነው፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ለእርሻ ትርኢት ወደ ኢሊኖይ ሄደዋል። ድልድይ ፎቶ ሊያነሳ የመጣ አንድ ሰው በሯ ላይ ቆሞ መንገድ ይጠይቃታል። አራት ቀን፣ በቃ። ቤተሰቡ ይመለሳል፣ እሷም እዚያው ትቀራለች። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉ ስኳር በዝቶበታል፣ ሰውየው ስለ ራሱ መፈላሰፍ ሲጀምር ገጽ እየዘለልኩ ነው ያለፍኩት። አንጀቴን የበላኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ልጆቹ ትታላቸው የሄደችውን ጽሑፍ ቁጭ ብለው ያነባሉ። ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት ኖረው የሚያውቋት ያኔ ነው።

የቴሪ ማክሚላን «ሀው ስቴላ ጎት ሀር ግሩቭ ባክ» (1996) ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስቴላ 42 ዓመቷ ነው፣ ባሏን ፈትታለች፣ ጥሩ ደሞዝ አላት፣ ወንድ ልጇን ታሳድጋለች። እሱ አባቱ ጋ ሲሄድ (አያችሁ፣ ይሄኛውም ሄደ!) እሷ ብድግ ብላ ጃማይካ ትገባለች፣ እዚያ ዕድሜው የእሷ ግማሽ ገደማ የሆነ ወጣት ታገኛለች። አረፍተ ነገሮቹ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የሚፈሩ ይመስላሉ፣ አንዱን ጀምራችሁ ስትጨርሱ ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ ለመልመድ ሠላሳ ገጽ ያህል ፈጅቶብኛል። ከለመዱት በኋላ ግን ጓደኛ ስልክ ደውላ ሳትተነፍስ እንደምታወራው ነው። ልጇም ተመልሶ መጥቶ ሰውየውን ይተዋወቀዋል፣ ይስማማሉም። ትንሽ ቀለለብኝ፣ ግን ሳቅኩ።

ሦስተኛው የሮቢን ሊ «ዚ አይዲያ ኦቭ ዩ» ነው፣ 2017። እዚህ ልጅቷ ከታሪኩ አልወጣችም፣ እንዲያውም ችግሩ ከእሷ ይጀምራል። ሶሌን 39 ዓመቷ ነው፤ የምታፈቅረው የ20 ዓመት ዘፋኝ ደግሞ ገና ልጅ የሆነች ሴት ልጇ የምታብድለት የሙዚቃ ቡድን አባል ነው። አስቡት እስቲ! ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ዱላውን የምትቀበለው ትምህርት ቤት ያለችው ልጅ ናት። ሶሌን ትተወዋለች። በ2024 የወጣው ፊልም ከዓመታት በኋላ መልሶ ያገናኛቸዋል፣ መጽሐፉ ግን አያገናኛቸውም። መጽሐፉን ዘግቼ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ለልጇ ብላ ያደረገችው ነገር ትክክል እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ሁልጊዜ ከፋይዋ ለምን እናት ትሆናለች? ያም ሆኖ ከሦስቱ የምመርጠው ይሄንን ነው። ልጅ ያለባት ሴት ፍቅር ምን እንደሚመስል የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

የሮማንስ (የፍቅር ልብ ወለድ) አንባቢዎች አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ መጨረሻው ተስፋ ያለው ካልሆነ ሮማንስ አይባልም። በዚህ ሕግ ከሦስቱ የሚያልፈው ስቴላ ብቻ ነው። ስለዚህ ደክሟችሁ ደስ የሚል ነገር ከፈለጋችሁ እሱን ያዙ። ማልቀስ ካማራችሁ የድልድዩን፣ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። የሶሌንን ግን በሥራ ቀን ማታ እንዳትጀምሩት፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ነው የተኛሁት።

እሱን ሳነብ ነበር ልጄ ቻርጀር ፍለጋ መኝታ ቤት የገባችው። የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ነበር፣ ግን አጎንብሳ አየችው።

«እማ፣ ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ።»

«ኤጭ!» ብላ ወጣች። ትንሽ ቆይታ በሩን ገርበብ አድርጋ ጭንቅላቷን አስገባች።

«ልጅቷስ ምን አለች?»