የኮምፒውተሩ ማናጀር ወይስ የስልኩ? ታዳጊ ማሳደግ ለሚወድ

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ፉትቦል ማናጀር ልግዛ ወይስ ስልኬ ላይ ያለው ቶፕ ኢለቨን ይበቃኛል?» ሁለቱም የእግር ኳስ ክለብ አሠልጣኝ ሆናችሁ ቡድን የምትመሩባቸው ጌሞች ናቸው፤ አንዱ የኮምፒውተር፣ ሌላው የስልክ። ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝ። ከአሁኑ ልናገር፤ እኔ ለኮምፒውተሩ አዳላለሁ። በተለይ ደስታችሁ የ16 ዓመት ልጅ አሳድጎ ዋናው ቡድን ውስጥ ማየት ከሆነ።

መጀመሪያ ዋጋ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 የወጣው ፉትቦል ማናጀር 26 ሙሉ ዋጋው 59.99 ዶላር ነው። ወደ ብር ሲመነዘር ከ8 ሺህ ያልፋል። ለጌም! ቶፕ ኢለቨን ደግሞ በነጻ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወስናል። እኔም ወስኜ ነበር።

ነጻ የተባለው ግን ቀስ እያለ ነው ኪስ የሚገባው። ልጁን ስታሠለጥኑት ይደክማል። ድካሙን ቶሎ የሚያወጣለት የእረፍት ጥቅል ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ወይ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ማስታወቂያ ታያላችሁ፣ ወይ በእውነተኛ ገንዘብ የጌሙን ሳንቲም (ቶከን) ትገዛላችሁ። የውድድር ዘመኑ 28 ቀን ነው። አልቆ ደረጃ ስትወጡ የተጫዋቾቹ ጥራት አንድ ኮከብ ያህል ይወርዳል። ወር ሙሉ የለፋችሁበት ልጅ ባለበት እንዲቆይ ብቻ እንደገና ልፋት። አቋም ማስጠበቅም ያው ነው፤ ጥቅል ያለው ሰው ቡድኑ ሁሌ ትኩስ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚጫወት እንደሚመች አልክድም።

ኮምፒውተሩ ላይ ልጅ የሚያድገው በብር አይደለም። የመጀመሪያውን ልጄን በፍቅር ነው ያበላሸሁት። የ18 ዓመት አጥቂ ነበር። ወደፊት የት እንደሚደርስ የሚገምቱትን ኮከቦቹን አይቼ ጓጓሁና ለማንም አላውስም ብዬ ሁለት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። 20 ሲሞላው ያው የነበረበት ላይ ነው። በኋላ ነው የገባኝ። እስከ 18 ገደማ ልጅን የሚያሳድገው ጥሩ የልምምድ ማዕከልና ጥሩ አሠልጣኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለተኛውን በየሳምንቱ ለሚያሰልፈው ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ክለብ በውሰት ሰጠሁት። ሲመለስ ከ20 የሚሰጠው የጎል አጨራረስ ነጥቡ ከ11 ወደ 14 ወጥቶ ነበር።

ሌላው ጠባይ ነው። የልጁ ፕሮፌሽናልነት ስንት እንደሆነ ጌሙ በቁጥር አያሳያችሁም፤ ከባሕርይ መግለጫው ላይ ነው የምትገምቱት። ሰነፍ ልጅ ከገጠማችሁ ቢያንስ ሦስት ሰው ባለበት የምክር ቡድን ውስጥ ከታታሪ አንጋፋዎች ጋር አስቀምጡት። ቀስ እያለ ይለወጣል።

አቋም ላይ ሰው የሚሳሳተው የተጫዋቹን ድካም የምታሳየውን የልብ ምልክት ብቻ እያየ ነው። ልቧ አረንጓዴ ስትሆን ልጁ አልደከመም ማለት እንጂ ጨዋታ ለምዷል ማለት አይደለም። ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች ልቧ ሞልታ እግሩ ዝጎ ይመጣል። ሁለተኛው ቡድን ውስጥ አጫውቱት፣ ወይ 60ኛው ደቂቃ ላይ ቀይራችሁ አስገቡት። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ካለ የልምምዱን ጫና ቀንሱ።

አሁን ወደ ኪሳራዬ። መጀመሪያ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለፈቃድ የተቀዳውን ጌም በፍላሽ 200 ብር ገዛሁ። ሦስተኛው የውድድር ዘመን ላይ መክፈት እምቢ አለ፤ ማዘመኛም አይቀበልም። ቀጥሎ ቴሌግራም ላይ ጌሙ ያለበትን የስቲም (የኢንተርኔት የጌም መደብር) አካውንት ከሚሸጥ ሰው በ1,500 ብር ገዛሁ። በሁለት ሳምንቱ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ሰውየውም ብሎክ አደረገኝ። ስለዚህ የሌላ ሰው አካውንት በምንም ዋጋ አትግዙ። የራሳችሁን ክፈቱ፤ የዶላር ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ የስቲም ጊፍት ካርድ ይላክላችሁ።

ሙሉ ዋጋውንም ባትከፍሉ እመርጣለሁ። የ2025ቱ እትም ጭራሽ ተሰርዟል፣ የ26ቱም አዲስ ገጽታ ብዙ ነባር ተጫዋቾችን አስቀይሟል። ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቁ። እኔ የምጫወተው ኤፒክ ጌምስ ስቶር ሴፕቴምበር 2024 ላይ ለአንድ ሳምንት በነጻ የሰጠውን የ24ቱን እትም ነው። ከ1,700 ብር ኪሳራ በኋላ በነጻ ማግኘቴ እስካሁን ያናድደኛል።

የስልክ ፉትቦል ማናጀርም አለ፤ የ26ቱ የኔትፍሊክስ ደንበኛ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ኔትፍሊክስ ካለ ከቶፕ ኢለቨን በፊት እሱን ሞክሩ። ብርም ዘመናዊ ኮምፒውተርም ለሌለው ደግሞ ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር 01/02 የተባለው የድሮ የኮምፒውተር ማናጀር ጌም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ ነጻ ነው። እዚያ ጌም ውስጥ ቼርኖ ሳምባ የተባለውን ታዳጊ አጥቂ ከሚልዎል ክለብ ግዙና ታመሰግኑኛላችሁ።

ፉትቦል ማናጀርን የምትጫወቱት ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ጌሙ ውስጥ ብዙ ሊግ አትቆልሉ፤ ሁለት ሦስት ይበቃል። ማራገቢያው መጮህ ሲጀምር አቧራውን አስጠርጉት፤ እኔ 400 ብር ነው የከፈልኩት። ባትሪው የሞተ ከሆነ ጌሙ ራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ (አውቶሴቩን) በጌሙ አቆጣጠር በየሳምንቱ አድርጉት። እኔ በወር አድርጌው ነበር። ያ በውሰት የተመለሰው ልጅ የመጀመሪያ ሀትሪኩን ሠርቶ ገና ሳልደሰት መብራት ሄደ። ጨዋታውን ስደግመው 0 ለ 0 ወጣን።